አስተኚው የነቃ ዕለት

«ለስላሳዋን መኪና ከገዛሁ ሹፌር ምን ይሠራልኛል? ራሴ እነዳታለሁ። ሰውዬው እንደሆነ ያቺን መኪና ቦይ ውስጥ ከከተታት ወዲህ እጁ አይታመንም። ጠጪ ሰው ደግሞ ታውቃለህ፤ ዛሬ ቢምል ነገ ያው ነው።»

ቃሉ የወጣው በሳሎኑ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ሥር ባልዲውን አስቀምጦ የቤቱን አሮጌ መኪና መስታወት ይወለውል የነበረው ሹፌር ጨርቁን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። ውስጥ ኢንጂነሩ ቁርሱን እየበላ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጮክ አድርጎ ከፍቶ ከሸሪኩ ጋር ነው የሚያወራው። ሸሪኩ ስልኩ ውስጥ ሳቀና «የሚስትህ ወንድም አይደለም እንዴ?» አለው። «ነው እንጂ! ሥጋ ነው። መሪ ግን በዝምድና አይያዝም» አለ ኢንጂነሩ እንቁላሉን እያላመጠ። ሹፌሩ የእሱን ነገር ትቶ ጆሮውን ወደ ሌላ ድምፅ አዞረ። እህቱ ከጠረጴዛው ማዶ እንደተቀመጠች ያውቃል፤ ማንኪያዋ ከስኒዋ ጋር ሲጋጭ ይሰማዋል። «ወንድሜ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም» ማለት ትችል ነበር። እሱ እንኳ ቢቀር «ኧረ ተው» ብትል ይበቃው ነበር። ማንኪያው ስኒው ውስጥ ሲዞር፣ ሲዞር ቆየና ቆመ። ከዚያ ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሳህን ተነሣ። ሌላ ምንም አልተሰማም።

በሰፈርም በሥራ ቦታም እናት አባቱ ለሹፌሩ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም አስተኚው ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ሲይዝ እሱ የሚነዳው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ያልጣለው ተሳፋሪ የለም ይባላል። ጉድጓዱን ከሩቅ ያየዋል፤ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ መቆሟ የሚታወቀው ከውጭ ያለው ዛፍ መሄዱን ሲያቆም ነው። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ሲያደርስ እሷም አንቀላፍታ ነበር ብለው የሚቀልዱበት አሉ። ኢንጂነሩ እህቱን ያገባ ሰሞን፣ ገና አንዲት አሮጌ የአሸዋ መኪና ብቻ ሳለችው፣ በስድስት ዓመት ይበልጠዋልና «ጋሼ» ነበር የሚለው። የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ሲያድግ፣ ሳይቱ ሲበዛ፣ «ጋሼ» ቀስ በቀስ «አንተ» ሆነ። እሱም መቼ እንደጀመረው ሳይታወቀው ኢንጂነሩን «እርስዎ» ይለው ጀመር። ማንም አላዘዘውም። እንዲያው አፉ ለመደ።

የቦዩ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት፣ የመንገዱ ሥራ የመጀመሪያ ክፍል የተመረቀ ዕለት፣ ኢንጂነሩ ሞቅ ብሎት ነበር። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ከሳይት ሲነሡ ቁልፉን ከሹፌሩ እጅ ነጠቀና «ዛሬ የእኔ ቀን ነው፤ አንተ ተቀመጥ» አለ። ግራ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም ነበር። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ መኪናዋ ተንሸራታ የድንጋይ ክምር የሚጠብቅ ዘበኛ ገጨችና አፍንጫዋን ቦዩ ውስጥ ተከለች። የዘበኛው እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰው ሳይደርስ ኢንጂነሩ የሹፌሩን እጅ በሁለት እጁ ይዞ እያለቀሰ ለመነው። እሱ ከታሰረ ድርጅቱ ይዘጋል፣ ሃምሳ ሠራተኛ ይበተናል፣ እህትህ ሜዳ ላይ ትቀራለች አለው። «እሷም እንዳትሰማ፤ ከሰማች ትተወኛለች። አንተ ዕድሜ ልክህን ከእኔ ጋር ነህ።» አስተኚው «ጠጥቼ ስነዳ ነው» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ አርባ አንድ ቀን ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱ ስድስት ወር ታገደ። ሲወጣ እህቱ በር ላይ ጉንጩን ሳመችው እንጂ ዓይኑን አላየችውም። ከዚያ ወዲህ ምሳ ታቀርብለታለች፣ ልጆቹን ትጠይቀዋለች፣ ዓይኑን ግን አታየውም። ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ኖሯል። ለሰውዬው ብሎ የዋጠውን ውሸት ያው ሰውዬ እንደ እውነት መልሶ ሲያወራው የሰማው ግን ዛሬ ነው።

ኢንጂነሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወጣ። «ና እስቲ፣ መኪና እንምረጥ» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሁለት አይቻለሁ። አንዷ ፒክአፕ ትባል እንጂ የቤት መኪና ናት፤ ሌላዋ የገደል መኪና ናት። አንተ ነድተሃቸው ያልከኝን ነው የምገዛው። እጅህን አምናለሁ።»

ከአሥር ደቂቃ በፊት ያልታመነ እጅ ነው። አስተኚው ጨርቁን ጨምቆ ባልዲው ጠርዝ ላይ አሰጣው። «እሺ፣ ኢንጂነር» አለ። እህቱ የሚገዛውን መኪና የኋላ መቀመጫ እንድታይ ስለተባለች ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ቦርሳዋን ይዛ አሮጌዋ መኪና ውስጥ ከኋላ ገባች። መንገዱን ሙሉ ኢንጂነሩ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ አንድ ሰነፍ ቀያሽ። ሁለቱ ወንድምና እህት «አዎ» እና «እሺ»ን እየተከፋፈሉ ሄዱ።

የመኪና መሸጫው ሰፊ ግቢ ነው፤ ከፊቱ የመስታወት ክፍል፣ ከኋላው ገና ያላለቀ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ሥር አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች። ክራባቱን ጉሮሮው ድረስ ያጠበቀ ሻጭ ተቀበላቸው። የመጀመሪያዋ ፒክአፕ ነጭ ናት፤ በሯ ሲዘጋ እንደ ፍሪጅ በር «እፍ» ብሎ ነው የሚገጥመው። መቀመጫዋ ቆዳ ነው፣ ከመሪዋ ጎን የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ስክሪን አላት፤ አውቶማቲክ ስለሆነች አንዲት ዘንግ ጎትቶ መሄድ ብቻ ነው። ሁለተኛዋ አመድማ፣ ኮፈኗ የሰው ደረት የሚደርስ፣ ወለሏ በጎማ የተለበጠ፣ ከኋላ ሸክሙን በሚችለው ወፍራም የብረት ሞላ፣ በባሌስትራ የቆመች፣ ባለ አምስት ማርሽ ናት። ሻጩ «ይቺ ተራራ ትወጣለች፣ ወንዝ ትሻገራለች» አለ። ዋጋቸውን ሲነግራቸው የሁለቱ ልዩነት አራት ጎማ አይገዛም። እህት የሁለቱንም የኋላ በር ከፍታ መቀመጫውን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገች።

እውነቱን የሚናገር ሰው ቢጠየቅ ነገሩ ምርጫ የሚያሻው አልነበረም። ከቤት እስከ ሳይት ሰባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስልሳ ስድስቱ አስፋልት፣ አራቱ ብቻ ኮሮኮንች። የሚወጡት ተራራ የለም፤ ወንዙም ድልድይ አለው። ወገቡን ለሚያመው፣ ግራ ጉልበቱ እንደ ልብ ለማይታጠፍለት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነጯን የመሰለች የለችም። አስተኚው ይህን መኪናዎቹን እንዳየ በአንድ ትንፋሽ አሰበው። ቀጥሎ አመድማዋ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በግራ እግሩ ረገጠ። እንደ ግንድ የደረቀ ነው። ደግሞ ረገጠው፤ ጭኑ ተሰማው። በዚያ በኢንጂነሩ ጉልበት ይህን መርገጥ ምን ማለት እንደሆነ አሰበ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ ከጋቢናው ሲወርድ ፈገግ ብሎ ነበር።

በቅድሚያ በነጯ ወጡ። ኢንጂነሩ ከፊት፣ እህትና ሻጩ ከኋላ። አስተኚው በአቅራቢያው ወዳለ ድንጋይ መፍጫ የሚወስደውን የፈራረሰ መንገድ ያውቀዋልና ወደዚያው አጠፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሸውን ጉድጓድ ሁሉ በዚያች ጠዋት እየፈለገ ገባበት። ፍሬኑን አዘግይቶ ይይዛል፤ ነዳጅ ሰጥቶ ይነጥቃል፤ የቀኙን ጎማ ከድንጋይ ላይ አውጥቶ ይጥለዋል። ፊቱ ላይ ግን የሚጠነቀቅ ሰው ገጽታ ነበር፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ አልፎ አልፎ «አይ፣ አይ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ኢንጂነሩ ወገቡን ደግፎ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «ምን ላድርግ፣ ሞላዋ ለአስፋልት የተሠራ ነው። እኔ ይዣት እንዲህ ከሆነች እንግዲህ…» አለና አንጠልጥሎ ተወው። ጨርሶ ከመናገር አንጠልጥሎ መተው እንደሚበልጥ ዕድሜ አስተምሮታል። ሻጩ ከኋላ ሆኖ ስለ ስክሪኑ አንድ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ምላሱን ነከሰና ተወው። በአንዱ ጉድጓድ ላይ የእህቱ ራስ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ። አስተኚው በመስታወቱ አያት። እሷም አየችው፤ ከስንት ወር በኋላ ዓይኑን። መሪው ላይ እጁ ላላ። ከዚያ የጠዋቱ ዝምታዋ ትዝ አለውና ቀጣዩን ጉድጓድ ፈለገ።

ግቢው ተመልሰው ወደ አመድማዋ ከመዞራቸው በፊት «የጭነት መኪና ባዶውን አይፈተንም» ብሎ ስምንት ጆንያ አሸዋ ከኋላ አስጫነ። ጎማውም ከልክ በላይ ተነፍቷል ብሎ ትንሽ አስተነፈሰ። ባሌስትራ የሚለሰልሰው ሸክም ሲያጎብጠው መሆኑን በዚያ ግቢ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ሻጩ እንደሆነ ሥራው መሸጥ እንጂ መንዳት አይደለም። ከዚያ በዚያው መንገድ ወጣ። አሁን አስተኚው አስተኚውን ሆነ። እያንዳንዷን ድንጋይ በጎኗ አለፋት፤ ማርሹን ሲቀይር ትንፋሽ አልተሰማም። ጉድጓዱ መሃል መንገድ ላይ ሲገጥመው እንደ ድመት ቀስ ብሎ ወርዶ ቀስ ብሎ ወጣ። እግረ መንገዱንም ያወጋል። «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን በነጯ ሳይት ሲገቡ ሠራተኛው ምን እንደሚል ያውቃሉ? 'የሚስቱን መኪና ተውሶ መጣ' ነው የሚለው። በዚች ሲገቡ ግን ገና አቧራዋን ሲያይ አካፋውን ያነሣል።» ኢንጂነሩ ደረቱን ነፋ አድርጎ ዳሽቦርዱን ዳሰሰ። «ፍሪሲዮኑስ? ለጉልበቴ ማለቴ ነው።»

«ላባ ነው፣ ኢንጂነር» አለ አስተኚው።

ለዚህ ሰው ሲል ዋሽቶ ያውቃል፤ እሱን ዋሽቶት ግን አያውቅም ነበር። ቀላል ሆኖ አገኘው። መፍጫው ጋ ደርሰው ሲዞሩ ኢንጂነሩ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋ ነበር፤ ግቢ ሲገቡ ነቃና ምራቁን ጠረገ። «ተኝቼ ነበር እንዴ? እንግዲህ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል! ይቺ ናት።» ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን «አንቺስ?» አላት። እሷ የወንድሟን ማጅራት እያየች ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚነዳት ያውቃል» አለች።

ወረቀቱ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ኢንጂነሩ የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይፈርማል፤ በስልክ ለሸሪኩ ይፎክራል፤ አሮጌዋም መኪና በዋጋው ታስባ ለሻጩ ቀርታለች። ወንድምና እህት ውጭ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመካከላቸው ቦርሳዋን አስቀምጠው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከጫማቸው ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ስትወጣ አዩአት። እህቱ ወደ መኪናዎቹ እያየች፣ «ዘበኛው በክራንች መሄድ ጀምሯል» አለች።

«የቱ ዘበኛ?»

«እግሩን የሰበርከው። በወር በወር እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ስለ አንተ ይቅርታ እለምነዋለሁ። እሱ እንኳ ይቅር ብሎሃል።»

የአስተኚው ምላስ ላይ የነበረው ቃል ጥርሱን ሊሰብረው ደርሶ ነበር። ያልሰበረውን እግር፣ ያላጠፋውን ጥፋት፣ በስሙ ለዓመት ይቅርታ ስትለምንለት! ደግሞ ይቅርታውን እንደ ስጦታ አምጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችለት። አንድ ጊዜ እንኳ «ጋሼ፣ እውነት ነው?» ብላ ሳትጠይቀው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እሱን አሁን ያቆሰለው ግን የወጋው ሰውዬ ብቻ አልነበረም፤ ሳትጠይቅ ጥፋተኛ ያደረገችው እህቱም ጭምር እንጂ። ተነሥቶ እስከ ግቢው ግንብ ሄዶ ተመለሰ።

መኪናዋ ታጥባ፣ ጆንያው ወርዶ፣ ጎማዋ እንደገና ተነፍቶ በር ላይ ቆመች። እህት ከኋላ ገባች። ኢንጂነሩ የፊቱን በር ሲከፍት ሻጩ ቁልፉን ለአስተኚው አቀበለው። አስተኚው መኪናዋን ዞሮ መጣና ቁልፉን ኢንጂነሩ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ይኸው። ንዳት።»

ኢንጂነሩ ሳቀ። «ቀልዱን ተወውና ግባ፣ ሳይት ይጠብቁናል።»

«ቀልድ የለውም። ለሸሪክህ ራሴ እነዳታለሁ ብለኸው የለ? በመስኮት ሰማሁህ። ጠጪ ሹፌር ምን ያደርግልሃል? ንዳት።»

«እርስዎ» ሲል የኖረ አፍ «አንተ» ማለቱ ኢንጂነሩን ከነገሩ በላይ አስደነገጠው። ዙሪያውን አየ። ሻጩ ክራባቱን ይነካካል፤ ከኋላ አዳዲስ መኪኖች የጫነ ረጅም ተሽከርካሪ መውጫ አጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሁለት ዘበኞች በሩን ይዘው ቆመዋል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሹፌር መለመን አልሆነለትም። «ጥሩ። ሂድ! ሺ ሹፌር አለ» አለና በሹፌሩ በር ወጥቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ለመውጣትም ጉልበቱን በእጁ አንሥቶ ማስገባት ነበረበት። ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ፊቱ ተኮማተረ። መኪናዋ አንዴ ወደ ፊት ዘላ ጠፋች። አስነሣት፤ ዘላ ጠፋች። ሦስተኛው ላይ የበሩ ድፍን መሃል ደርሳ ቀጥ አለች። ባሌስትራው ባዶውን ስለሆነ እያንዳንዱ ዝላይ ወገቡን እንደ ጅራፍ ነው የሚገርፈው። ጥሩምባው ቀጠለ። አስተኚው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በእግረኛው መንገድ ቆሞ ያይ ነበር። ይህን ያህል ጣፋጭ ነገር አይቶ አያውቅም።

ሻጩ በትሕትና ወደ መስኮቱ ቀረበ። «ጌታዬ፣ መንዳት ካልለመዱ እኔ ላውጣልዎት።»

«እኔ ነኝ ያልለመድኩት?» ብሎ ኢንጂነሩ ጮኸ፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «ባለፈው ክረምት በዚያ ሁሉ ዝናብ ከሳይት እስከ ድልድዩ ማን ነው የነዳው? እኔ አይደለሁም? ያቺ አውቶማቲክ ስለነበረች…»

ቃሉ አፉ ውስጥ ቆመ። ጥሩምባውም እንደ አጋጣሚ በዚያች ቅጽበት ዝም አለ።

«እስከ ድልድዩ?» አለች ሚስቱ ከኋላ።

ኢንጂነሩ መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ ቀረ። «እስከ ድልድዩ ነው ያልከው?» ብላ ደገመች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። በሩን ከፈተች። መኪናዋ ረጅም ናት፤ መረገጫውን በእግሯ ብትፈልግ አጣችው፤ ዘልላ ወረደችና በጉልበቷ መሬት ነካች። ማንም ሳያነሣት ተነሣች።

አስተኚው መሄድ ጀምሮ ነበር። የታክሲው ፌርማታ ጋ ስትደርስበት ታለከልካለች። «ጋሼ፣ ቁም። ቁም እንጂ!» ቆመ። አንድ ጉልበቷ አቧራ ይዟል። «ጠዋት ጉድጓዱን ፈልገህ ነበር የምትገባበት። አውቄብሃለሁ። ዝም ያልኩት ምን አናደደው ብዬ ነው።»

«አዎ፤ ፈልጌ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም? ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ቃልህን ሰጥተህ ታስረህ ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

«እኔ መጠጥ ስቀምስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው እሱን ነበር የምትጠይቂው። ራስሽን።» ይህን ሲላት እንደሚያማት ያውቃል፤ እንዲያማትም ነው ያላት። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፤ የቀረው አንድ ወንበር ነው። አስተኚው ገባና በሩን ዘጋው። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ እጁን ሳያነሣ ቀጣቸው። ነገ ሥራ የለውም፤ የገዛ ሚስቱ ስትሰማ ምን እንደምትል አላሰበም፤ አሁን ይህንንም ማሰብ አልፈለገም። በመስኮቱ ወደ ኋላ ሲያይ እህቱ ከፌርማታው ምሰሶ አጠገብ እንደቆመች ናት። አላለቀሰችም፤ አልጠራችውም። እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ የምትፈልገውን አጣችና ወደ ጎኗ አወረደችው። ቦርሳዋ አዲሷ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ፌርማታ ወደየትም የሚያደርሳት ሳንቲም የላትም፤ ወደዚያ በር ተመልሳ፣ ወደዚያ ሰው መኪና ወጥታ ካልተቀመጠች በስተቀር። አንገቷን ወደ ግቢው በኩል አዞረች። ገና እግሯን አላነሣችም።

«ወራጅ አለ!» አለ አስተኚው።

የሚኒባሱ ሹፌር በመስታወቱ አየው። «አሁን አይደል እንዴ የገቡት፣ አባት?»

«አሁን ነው» አለ፣ እጁን በሩ እጀታ ላይ አድርጎ። «አቁምልኝ።»